ጠበቅኳት

ሐዴራ ከተማ፣ ከብርቱካኑ ቤት፣
ከድሮው ማሸጊያ፣ ሰው ካልገባበት፣
ዘብ ነኝ በሌሊቱ፤ ፈረደ ነው ስሜ፣
ኬሻ ደገፍ ብዬ፣ ባትሪ ተሸክሜ።
ባሕር ዛፉ ብቻ የማውቀው ዘመዴ፣
ያነጋግረኛል ንፋስ ሲነካው አንዳንዴ።
ቆርቆሮው ሲሞቅ ውሎ ሌት ሲበርድ ይጮኻል፣
አይጡም ከሣጥን ሥር ካርቶን ይቦጭቃል።
ይኼን አውቀዋለሁ። የማላውቀው ሌላ፦
ስስ ወረቀት ነው፣ ከእኩለ ሌት ኋላ፣
ከጉድጓዱ ወዲያ የሚንኮሻኮሸው፣
አንድ በአንድ፣ አንድ በአንድ፣ እጅ እንደሚያሸው።

በድራ ነው ስሟ፣ የናሕሊኤል ልጅ፣
ከየመኖች ሰፈር፣ ባለ ፈጣን እጅ።
ብርቱካኑን ሁሉ፣ ለባሕር ማዶ ሰው፣
እንደ ሐር በሳሳ ወረቀት ስታለብሰው፣
በደቂቃ ሠላሳ ጠቅልላ ትጥላለች፤
አይፈታም ቋጠሮው፣ እሷ ከቋጠረች።

አንድ የጥር ሌሊት፣ ዝናብ ሲያካፋ፣
ፋኖሱም ጠፋ፣ ገዳዩም ጠፋ።
ጧት ላይ፣ ከጉድጓዱ፣ ከፓምፑ ሰንሰለት፣
መሐረቧ ታየ። ወርደው አወጧት።
አንድ እግር ጫማዋ እስከ ዛሬ የለም፤
የጨበጠችውን ወረቀት ግን ማንም
ከጣቷ ፈልቅቆ ሊያወጣው አልቻለም።

የእንግሊዝ መኮንን በፈረስ መጣና፣
ሻይ ጠጣ፣ ጻፈና፣ ማኅተም መታና፣
ግመል ነጂውን አሰረ፣ ፈታ፣
የጌታውን ልጅም ጠየቀው ለአንድ አፍታ።
ልጁ በመርከብ ሄደ፣ መዝገቡ ወደ ሣጥን፤
እናቷ በሩ ላይ፣ ስትል ‹ማን? ማን? ማን?›

እኛ አገር ቢሆን አፈርሳታ ነበር፤
ሕዝብ ሁሉ ወጥቶ አንድ ሜዳ ሲታጎር፣
ላሙም ሳይታለብ፣ እርሻውም ሳይታረስ፣
‹ወፏ› እስክትናገር፣ ስሙ እስኪጠቀስ።
እዚህ ወፏ ዝም አለች፤ ከተማው ሲከብደው፣
ምስክርነቱን ለሙቷ ተወው።
ትታያለች አሉ፣ አንድ እግሯ ባዶ፣
ውኃ ከጠጉሯ ወርዶ፣ ወርዶ፣ ወርዶ።
አበባ በሌለበት፣ በነሐሴ ሐሩር፣
የብርቱካን አበባ ሸተተን ይሉ ጀመር።
ጎረምሶች በውርርድ እስከ በሩ ሮጡ፤
አንዱ ‹ያዘችኝ!› አለ፣ ሌሎቹ ፈረጡ።
ያ ልጅ ዛሬ አያት ነው፤ ብርቱካን አይበላም።

ሁሉም የየራሱን ገዳይ ይዞ ያድራል፦
ዳቦ ጋጋሪው ግመል ነጂውን ይጠራል፣
ፀጉር አስተካካዩ ‹ጌታው ነው› ይላል፤
ስለዚያ ሌሊት ዘብ ያወራ አልሰማሁም።

እኔ አልፈራኋትም። ሥራችን አንድ ነው፦
የኔም ጥበቃ ነው፣ የሷም ጥበቃ ነው፤
ደመወዝ ያለው ግን የኔኛው ብቻ ነው።

በሦስተኛ ዓመቴ፣ በጥር፣ በካፊያ፣
ቆመ ሽማግሌ ከብረት በሩ ወዲያ።
‹ክፈትልኝ› አለ። ከፈትኩለት እኔም፤
ሽበት ደጅ ማስቆም ልማዴ አይደለም።
ከጉድጓዱ አፋፍ ቁጭ አለ ዝም ብሎ፤
ከኪሱ ብርቱካን አወጣ፤ ጠቅልሎ
አጠመዘዘው ጫፉን፣ በሁለት ጣት፣ ቶሎ፣
አይፈታም ያሉትን ያንኑ ቋጠሮ።

‹ማን ነህ?› አልኩት እኔ። ‹ዘብ ነበርኩኝ› አለ፣
‹ያን ሌሊት።› ቀጥሎም አንዲት ቃል አከለ፣
በዕብራይስጥ ቋንቋ። የኔው ሕፃን ነበር፣
አፉን ገና ያልፈታ፣ ድክ ድክ የሚል ነገር።
በልቤ ሳዞረው ወዳገሬ ቋንቋ፣
‹ጠበቅኳት› ሆነብኝ፤ አጥንቴ ተንቋቋ።

ጠበቅኳት፦ ከክፉ፣ እንዳይነካት እጅ?
ጠበቅኳት፦ እስክትመጣ፣ እንደ ፍቅር ወዳጅ?
ጠበቅኳት፦ አድፍጬ፣ ከጉድጓዱ ደጅ?

አልጠየቅኩትም።
ስምን መልአክ ያወጣል፤ የኔን ግን ሲያወጣ፣
ይህን ሌሊት ሳያይ ተቻኩሎ ነው የመጣ።
በሩን ከፈትኩለት፤ ሄደ በካፊያው ውስጥ፣
አንድ እግሩን እየሳበ፣ ሳይቸኩል፣ ሳይደነግጥ።

ዛሬም ሲንኮሻኮሽ ወረቀቱ ማታ፣
ባትሪ አላበራም፣ አልነሣም ከቦታ።
ብርቱካኑ እዚያው ነው፣ ከጉድጓዱ አፋፍ፣
ደርቆ እንደ ድንጋይ፣ ሳይፈታ ያ ጫፍ።
ሊነጋ ሲል ሁሌ ልፈታው እልና፣
ተረኛው ይመጣል፤ ቁልፉን እሰጥና
እሄዳለሁ።